የአምስት ጀልባዎች ጉዞና አንድ ግልባጭ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ናቲ አንድ ወረቀት ይዞ መጣና ከማንጎው ዛፍ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ናቲ ጫሞ ሐይቅ ላይ እንግዶችን በሞተር ጀልባ እያዞረ አዞና ጉማሬ የሚያሳይ ልጅ ነው። ሰሞኑን ግን ሌላ ነገር ይዞታል። ትናንሽ ባለሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ ጀልባዎቻቸውን በመኪና እየጎተቱ አርባ ምንጭ ድረስ ሊመጡ፣ ከዚያም አባያ ላይ ሦስት ቀን አብረው በነፋስ ሊጓዙ አስበዋል። የአገሩ ሰው ሆኖ ጉዞውን የሚያሰናዳላቸው እሱ ነው። የፈቃዱን ማመልከቻ ራሱ በኮምፒዩተር ጽፎ ነበር ያመጣው፤ አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፣ እስቲ እይልኝ አለኝ።

ስለ ጽሕፈት ሥራዬ ሲነሳ ደስ እንደሚለኝ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ያህል ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ዛሬም የተዛነፈ ኅዳግ ሳይ ዓይኔን ያሳክከኛል። መነጽሬን አድርጌ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ ጀመርኩ። ሁለት የፊደል ግድፈት አረምኩ። የስድስቱን ባለጀልባዎች ስም፣ ዕድሜና ስልክ በሠንጠረዥ አስቀምጦታል፤ ይህን ከማን ተማርከው ብዬ ቀለድኩበት። ወደ ግርጌው ስወርድ ግን «ግልባጭ» የሚል ቃል ተሰምሮበት አየሁ፤ ከሥሩም የአራት መሥሪያ ቤት ስም ተደርድሯል። ማን ጠይቆህ ነው ይህን የጻፍከው አልኩት።

«ማንም አልጠየቀኝም አክስቴ። እንዲያምር ብዬ ነው» አለኝ።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ነገ ተመለስ አልኩት። ዓይኔ የደከመ መስሎት ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ እኔም ያንኑ ቃል የጻፍኩት እንዲያምር ብዬ ነበር፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ደርግ ከገባ አሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ላይኛው ከተማ ሴቻ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቤታችን ታች ሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ ነበር፤ ይኸው ዛሬም የምኖርበት ግቢ። ባጃጅ የሚባል ነገር ስላልነበረ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። አጋማሹ ላይ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ቆም ብዬ ፊቴን ወደኋላ ስመልስ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ተዘርግተው ይታዩኛል። በግራ አባያ፣ እንደ ሸክላ ጭቃ የቀላ፤ በቀኝ ጫሞ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ። በመካከላቸው ያለችውን ቀጭን የመሬት ጀርባ እያየሁ ሁለቱ እንዲህ ተጠጋግተው እንዴት ቀለማቸው አልተቀላቀለም እያልኩ እገረም ነበር። ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

አባታችንን ወባ የወሰደብን ልጆች ሳለን ነው። እናታችን የጨንቻ ደጋ ሰው ናት፤ ከደጋ የሚወርደውን ቅቤና ገብስ ሲቀላ ገበያ እየቸረቸረች አሳደገችን። አማርኛን የተማረችው ከገበያ ነበርና እኔን ስታናግረኝ እንደ ወንድ «ና፣ ሂድ፣ ብላ» ትለኝ ነበር። የናቲ እናት የሆነችው ታናሽ እህቴ ያኔ ገና ተማሪ ናት። ታላቃችን ማርቆስ ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ በመንግሥት የጥጥ እርሻ ጋራዥ ውስጥ ረዳት መካኒክ ነበር። ሳቂታ፣ ሥራ ላይ ግን ቀርፋፋ። አንድ ብሎን ሊያጠብቅ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ እሱ ያጠበቀውን ግን ማንም መፍታት አይችልም ይሉ ነበር።

ጀልባ ሲቀላ ውስጥ የገባው በጋሽ ተክሌ ምክንያት ነው። ጋሽ ተክሌ ወጣትነቱን በሙሉ ምፅዋ በባሕር ኃይል ሲያገለግል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የሚስቱን አገር ተከትሎ እኛ ሠፈር የሰፈረ አናጢ ነው። አልጋና በር እየሠራ ይኖር ነበር። አንድ ዓመት ግን ናፍቆቱ ቢብስበት ሰው በር ሲያዘው ሳንቃውን ጀልባ አደረገው፤ በሩን ያዘዘው ሰውዬ ለወራት ቤቱን በምንጣፍ ዘግቶ ከረመ። ከዚያ ማርቆስና ጓደኛው ጌታሁን፣ ከገረሴ ወርደው እርሻው ላይ ከሚሠሩት ከዳንኤልና ከሳሙኤል ወንድማማቾች ጋር ሆነው እኛንም አስተምረን አሉት። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ትናንሽ ጀልባዎች ተሠሩ። የሳንቃው መጋጠሚያ ከእርሻው በተለቀመ ጥጥና በሬንጅ ይወተፋል። ሸራውን ሲቀላ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከአቡጀዲ ሰፉት።

ጀልባ ሐይቁ ዳር ጥሎ መምጣት አይታሰብም፤ ሌሊት ሣር ሊግጥ የሚወጣ ጉማሬ ይረጋግጠዋል። ስለዚህ ማርቆስ ከተጣለ የፒክአፕ አክሰል አንዲት ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ሠራ። እሑድ እሑድ ጀልባዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ይጭኑባታል፤ የእርሻው ትራክተር ሲገኝ በትራክተር፣ ሲጠፋ በክንዳቸው እየጎተቱ በጫካው መንገድ ወደ አባያ ይወርዳሉ። የእኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ እሑድ ባዶ ቀን ሆኖብን ነበር። ጌታሁን የኦርቶዶክስ ልጅ ስለሆነ ቅዳሴውን አስቀድሶ ይደርስብናል። እኔም ሙዝና የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ተሸክሜ እከተላቸው ነበር። ውኃው ዳር ቆሜ ነጫጭ ሸራዎች በቀዩ ውኃ ላይ ሲሄዱ አያለሁ። ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር የኖርኩት፣ ሁላችንም ፈርተን ነበር፤ እዚያ ዳር ላይ ግን ፍርሃቴን እረሳው ነበር።

የማርቆስ ጀልባ ከሁሉም የከበደች ናት። እንደ ልማዱ ተጠንቅቆ ሳንቃዋን ከሌሎቹ እጥፍ አወፈረው። ጓደኞቹ «ዔሊ» ብለው ስም አወጡላት፤ እሱም ስሟን ተቀበለና በጥቁር ሬንጅ ጎኗ ላይ ጻፈው። ለምን እንዲህ አከበድካት ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«አንቺንና እማዬን ጭኜ ጊዲቾ ልወስዳችሁ ነዋ። ሦስት ሰው እንድትችል ነው» አለኝ።

ጊዲቾ አባያ ውስጥ ያለች ደሴት ናት። ከእኛ ዳርቻ አትታይም፤ ዓሣ አጥማጆች ሲያወሯት ብቻ ነው የምናውቃት። የጉዞው ሐሳብ ከዚያች ከማርቆስ ወሬ ተነሳ። አምስቱም ጀልባዎች አብረው ወደ ጊዲቾ ይሂዱ፣ በመንገድ ዳርቻ ላይ እየቆሙ ይደሩ፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሱ ተባለ። ዝግጅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ፈጀ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚህችው ማንጎ ሥር ይሰበሰባሉ፤ የዝናቡ ወራት ጭቃ ገና አልደረቀም ነበርና ሁሉም እግሩን በሣር እየጠረገ ይገባል። እኔ ጸሐፊ ተደረግሁ። ጀልባ ባይኖረኝም በጋሽ ተክሌ ጀልባ ላይ ቦታ ተሰጠኝ። እናቴ ሴት ልጅ ከጎረምሳ ጋር ውኃ ላይ አታድርም ብላ አንድ ወር ሙሉ አኮረፈች፤ በኋላ ጋሽ ተክሌ እንደ አባት ሆኖ ዋስ ገብቶልኝ ፈቀደች።

የማርቆስ ጓደኞች ጨዋታ ይወዳሉ፤ እኔ ደግሞ ሥርዓት እወዳለሁ። የተባለውን ሁሉ በቢሮው ታይፕ መታሁት። ጠዋት ውኃው ጸጥ ባለ ሰዓት መነሳት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይበረታ ዳር መያዝ። ማንም እጁን ውኃ ውስጥ አይከትም። ዓሣ ከጀልባው አጠገብ አይታጠብም፣ አዞ ይጠራል። ከሁሉ የምወደው የጋሽ ተክሌን ሕግ ነበር፦ ዝግተኛዋ ጀልባ ትቅደም፣ ፈጣኖቹ ከኋላ ይከተሉ። ፈጣኑ ከቀደመ ዝግተኛው ሲቀር የሚያይ አይኖርም ይል ነበር። ስለዚህ የሰልፉ አንደኛ ዔሊ ሆነች፤ ማርቆስም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር አንደኛ ወጣሁ ብሎ ፎከረብን።

የቢሮው ታይፕ አንዲት ጉድለት ነበረባት። «ማ» የምትለዋ ፊደል ከመስመሩ ከፍ ብላ ትመታለች። የማርቆስ ስም በጻፍኩ ቁጥር የመጀመሪያው ፊደል ወደ ላይ ይዘላል። እሱም ወረቀቱን እያየ፣ ስሜን ዘላይ አደረግሽው፣ እኔ እኮ ዔሊ ነኝ እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የቀረው ፈቃዱ ብቻ ሆነ። በዚያ ዘመን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ አይኬድም፤ አምስት ጀልባ ሙሉ ጎረምሳ አንድ ላይ ሐይቅ ተሻግሮ ሲሄድማ ማን ዝም ይላል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋሽ ዘውዴ የቅርብ ጎረቤታችን ነበር፤ በቢሮው ጓድ፣ በሠፈር ጋሽ። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ገብስ ሊገዛ ሲመጣ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ አንዲት ወረቀት ጻፊና አምጪልኝ፣ አምስት ጀልባ ለሦስት ቀን ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ይመለሳል በይ፣ ማኅተም አደርግበታለሁ አለኝ። ከበሩ ሊወጣ ሲል ዘወር ብሎ፣

«አጭር ይሁን» አለኝ።

አጭር አላደረግሁትም። አጭር ደብዳቤ ያኔ ለእኔ ያልተማረ ሰው ደብዳቤ ነው። ሰኞ ዕለት የምሳ ሰዓቴን ሰጥቼ ሁለት ገጽ መታሁ። በመጀመሪያው ገጽ የጉዞው ዓላማ፣ መነሻና መድረሻ። በሁለተኛው ሠንጠረዥ፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የጤንነት ሁኔታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዋና ይችላል ወይስ አይችልም። ቅደም ተከተሉ በሰልፋቸው መሠረት ነው፤ ማርቆስ ተራ ቁጥር አንድ። ጤንነታቸውን የጻፍኩት አለቆቹ በሽተኛ ሊሰጥምብን ነው ብለው እንዳይከለክሉ ነው። የጋብቻውን የጨመርኩት ደግሞ አደጋ ቢደርስ ለማን እንደሚነገር እንዲታወቅ ብዬ ነበር። አራቱ ወጣቶች «ፍጹም ጤነኛ፣ ያላገባ፣ ዋና የሚችል» ናቸው። የኔ ስም የለም፤ ዝርዝሩ የባለጀልባዎች ነው። በዚህ እንኳ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

ጨርሼ ሳየው ግርጌው ባዶ መሰለኝ። ከቢሮአችን የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ግልባጭ አለው፤ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ወላጅ የሌለው ልጅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከፊርማዬ በታች «ግልባጭ» ብዬ ጻፍኩና የአውራጃውን ጽሕፈት ቤት አስቀመጥኩ። ከጻፉ ደግሞ መላክ ነው። ዋናውን ለጋሽ ዘውዴ ልወስድ በቦርሳዬ ያዝኩ፤ የካርቦኑን ቅጂ በዚያው ከሰዓት በቢሮአችን ተላላኪ እጅ ሰደድኩ። ጋሽ ዘውዴ በማታው ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ ማኅተሙን አደረገልኝ። እጄን እያሻሸሁ ወደ ቤት ገባሁ።

ማወቅ ነበረብኝ ወይ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ ወጥቶ ነበር። ከሌሎች ቀበሌዎች የተወሰዱ ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸውን ገበያ ላይ አይተናል። ከእኛ ቀበሌ ግን እምብዛም አልተነካም ነበርና ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ጋሽ ዘውዴ በየወሩ ወደ ላይ በሚልከው ሪፖርት፣ ዕድሜው የደረሰ፣ ጤነኛና ያላገባ ወጣት በቀበሌዬ የለም እያለ ሲሸፍነን እንደኖረ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰው የሚጠብቀውን ሰው አያየውም፤ እኔም አላየሁትም።

ከጥምቀት በኋላ መልስ መጣ። ከአውራጃው በቀጥታ ወደ ቢሮዬ የመጣ፣ በእኔ ስም የተጻፈ ደብዳቤ። ጉዞው ተፈቅዷል፤ በዝርዝሩ የተጠቀሱት ሁሉ በመነሻቸው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ከነጀልባዎቻቸው ቀበሌው ግቢ ተገኝተው መመሪያ ይቀበሉ ይላል። ለግልባጭ መልስ ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነበርና ደብዳቤውን ለቢሮው ሰው ሁሉ አሳየሁ። ለጋሽ ዘውዴ ላሳይ ስሄድ ግን አላገኘሁትም፤ ከትናንት ጀምሮ ሴቻ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ።

ያን ሰሞን ቤታችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ዳቦ ቆሎ ቆላን፣ በሶ ፈጨን፤ እናቴ ኩርፊያዋን ረስታ ዳጣ በብልቃጥ አዘጋጀች፤ ያ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት አብሮ የተወቀጠበት፣ ሽታው ዓይን የሚያስነባው። የአንድ ሰው ስንቅ በአንድ ከረጢት እያደረግሁ ስማቸውን ጻፍኩባቸው። ማርቆስ ከእርሻው ፈቃድ ወስዶ ሦስት ቀን ሙሉ ዔሊን ሲያሽ ከረመ።

በዕለቱ ጠዋት አምስቱም ጀልባዎች ቀበሌው ግቢ ደረሱ፤ ሁለቱ በተሳቢዋ ላይ፣ ሦስቱ በትከሻ። የሠፈር ሰው ሊሸኘን ወጥቶ ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ ወታደራዊ ካሚዮን ቆሟል። ከአውራጃው የመጣ ሰውዬ ወረቀት ይዟል። አጠገቡ ጋሽ ዘውዴ መሬት መሬት እያየ ቆሟል፤ በዓይኔ ፈለግሁት፣ ቀና አላለም። ሰውዬው ስለ እናት አገር ጥቂት ተናገረና ስም መጥራት ጀመረ።

«ተራ ቁጥር አንድ» ብሎ የማርቆስን ሙሉ ስም ጠራ።

ወረቀቱን አየሁት። የካርቦን ቅጂ ነው፣ ሰማያዊና ብዥ ያለ፤ በተራ ቁጥር አንድ አንጻር አንዲት ፊደል ከመስመሯ ወደ ላይ ዘልላለች። ልጩህ ብልም ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ የተጠራው እኔው ራሴ በጻፍኩት ቃል ነው። ማርቆስ ጀልባዋን ደግፎ ከያዘበት እጁን አላቀቀና ወደ ፊት ሄደ። ከዚያ ጌታሁን፣ ዳንኤል፣ ሳሙኤል። የጋሽ ተክሌ ዕድሜ ተነበበና ይቅር ተባለ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ስንቁን ይዘው ይሂዱ ብሎ ፈቀደልን። ከረጢቶቹን በየስማቸው አቀበልኳቸው፤ ለሦስት ቀን የተሰናዳው ምግብ የት እንደሚያደርስ በማይታወቅ መንገድ ሄደ። ማርቆስ ከካሚዮኑ ጎንበስ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ወረቀቱን ያየው አልመሰለኝም፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«ዔሊን ፀሐይ እንዳታገኛት። ከደረቀች ትሰነጠቃለች» አለኝ።

ካሚዮኑ ከወጣ በኋላ ግቢው ውስጥ አምስት ጀልባና አንድ ሽማግሌ ቀሩ። ጋሽ ተክሌ ብቻውን ሸራዎቹን አንድ በአንድ ሲያጥፍ ቆየ። ከሰዓት በኋላ ሰው ለምኖ ዔሊን በተሳቢዋ ቤታችን አደረሳትና ከማንጎው ሥር አስቀመጣት። የእንጨት ጀልባ ከውኃ ሲርቅ ሳንቃው እየተኮማተረ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ በየሳምንቱ ሆዷ ውስጥ ውኃ አፍስሱባት አለን። እሱ ከዚያ ወዲያ ሐይቁን አላየውም። በር ብቻ ይሠራ ነበር።

ከወር በኋላ ጋሽ ዘውዴን በገበያው መንገድ አገኘሁት። ከሊቀመንበርነቱ አንስተውታል፤ ለጥቂት ቀናትም አስረውት ነበር። አጠገቤ ቆመና ሰው አለመኖሩን አየ። «አጭር ይሁን አላልኩሽም?» አለኝ። አልተቆጣም። እንደ ደከመው ሰው ነበር የተናገረው። እስኪሞት ድረስም ይህን ነገር ለእናቴ አንድም ቀን አላነሳባትም።

ከማርቆስ አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፣ ከማሠልጠኛው። ደህና ነኝ ይላል፤ ስለ ዔሊ ይጠይቃል። ደብዳቤውን ሳነብላት እናቴ ተነሥታ ውጭ ወጣች፤ ወዲያው ጣሳ ይዛ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ስታፈስ አየኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ሥራ ለማንም አልሰጠችም። በበጋ የቧንቧ ውኃ በጠፋበት ሰሞን እንኳ እኛ ፊታችንን ሳንታጠብ ጀልባዋ ትጠጣ ነበር። እሷ ታማ ስትተኛ ብቻ «ውኃ ስጠው፣ እሱ ጠምቶታል» ትለኛለች። ስለ ጀልባዋ ትሁን ስለ ልጇ አልጠየቅኋትም። ጣሳውን ይዤ እወጣና ውኃውን እያፈሰስኩ አለቅሳለሁ። ስመለስ፣ በደንብ ጠጣ ወይ ትለኛለች፤ አዎ እላታለሁ።

እኔም ጠዋት ጠዋት ሴቻ ወጥቼ ታይፑ ፊት እቀመጥ ነበር። ከዚያች የጽሕፈት መኪና በስተቀር የምኖርበት ሥራ የለኝም። የደብዳቤዎቹን ግርጌ በጻፍኩ ቁጥር ጣቴ ይቀዘቅዛል። አለቃዬ ፈጣን የነበርሽው ልጅ ምን ነካሽ ይለኝ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ በእግሩ ወደ አገሩ ገባ። ከአራቱ የተመለሰው ጌታሁን ብቻ ነው፤ አንድ እግሩን እየጎተተ። ስለ ገረሴዎቹ ወንድማማቾች የሚያውቀውን ለወላጆቻቸው ነገረ። ስለ ማርቆስ ግን፣ ከአንድ ውጊያ በኋላ አላየሁትም አለን፤ ከዚህ በላይ አያውቅም ነበር። «አላየሁትም» የሚለው ቃል ለእናቴ በቃት። ላለማየት ብዙ ምክንያት አለ ብላ አምስት ዓመት ተጨማሪ ጀልባዋን አጠጣች።

እናቴ በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጌታሁን እኔ ወዳለሁበት ጥግ መጥቶ ተቀመጠ። የማልኩትን መሐላ ልንገርሽ፣ እናቱ እንዳትሰማ እስክትሞት ጠብቄ ነው አለኝ። ማሠልጠኛው ሲደርሱ ስማቸው እንደገና የተጠራው በዚያው ወረቀት ነው፤ ተዘጋጅቶ ስለነበር ሌላ ዝርዝር የሚጽፍ አልተፈለገም። ማርቆስ ፊት ለፊት ቆሞ ስለነበር ወረቀቱን አየው። የምትዘለዋን «ማ» አወቃት። ማታውን ሦስቱን ሰብስቦ አስማላቸው።

«‹ለእሷ እንዳትነግሩ። ሥራዋ ታይፕ መምታት ነው፤ ይህን ካወቀች እንዴት ብላ ትቀመጥበታለች› አለን» አለኝ ጌታሁን።

እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ምሥጢሩን የደበቅሁት ከእሱ ነበር። ከተመለሰ ምን እለዋለሁ እያልኩ ቃል ስመርጥ ነው የኖርኩት። እሱ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አውቆ፣ ይቅር ብሎ፣ እንዳልሰማው ሊጠብቀኝ ሰው አስምሎ ነበር። ለጌታሁን አውቃለሁ አላልኩትም። ውኃ ቀዳሁለት፤ ጠጣና ሄደ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ጀልባዋን አንድ ዓመት ያህል አጠጣሁ። ከዚያ አንድ በጋ ታመምኩና ሳምንታት አለፉ፤ ስነሳ መጋጠሚያዋ ጣት እስኪያስገባ ተከፍቶ አገኘሁት። ጥጡ ደርቆ ተንጠልጥሏል። አናጢ ጠርቼ ከወፍራሞቹ ሳንቃዎች አንዲት አግዳሚ አሠራሁና እዚያው ማንጎው ሥር አስቀመጥኳት።

ዓርብ ዕለት ናቲ ተመለሰና እንደ ልማዱ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ግልባጩን ሰርዤዋለሁ፤ ዕድሜውንም፣ ሠንጠረዡንም። ዓይኑን ከወረቀቱ አንስቶ፣ ታዲያ ምን ቀረ አክስቴ አለኝ። አጭር ይሁን አልኩት። ስድስት ጀልባ ለሦስት ቀን ሄዶ ይመለሳል በል፤ ስማቸውን አንተ በኪስህ ያዘው። ያ ዘመን እኮ አልፏል ብሎ ሊከራከረኝ ጀመረ። ዘመኑ ማለፉን አውቃለሁ። ደብዳቤው አጭር ነው ብለው ቢመልሱበትም ደግሞ ይጽፋል፣ ምንም አይጎዳውም።

ከዚያ የአጎቱን ታሪክ ነገርኩት። እሱ ማርቆስን የሚያውቀው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ብቻ ነው። ግልባጩንም ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። የተቀመጠበት ሳንቃ የምን እንደሆነ ስነግረው ደንግጦ ብድግ አለ፤ ታላቅ ሰው ሲገባ እንደሚነሱት። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ አቧራውን ጠረገና ቆሞ ቀረ።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ሦስት ሰው ትችላለች።»

እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።